በግማሽ የተሸፈነው ገንዳ

ቦሌ አራብሳ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለቤዛዊት፣

የአጎቴ የልጅ ልጅ፣ እንደምን ከርመሻል? የስዊድን ብርድ እንዴት ይዞሻል? የአባቶችሽ አምላክ በሄድሽበት ሁሉ ከፊት ከኋላሽ ይሁን። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ልጄ ሊድያ ትምህርቷን ጨርሳ ባንክ ገብታለች። ይህን ወረቀት እኔ በእጄ እጽፈዋለሁ፣ እሷ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። «አባዬ፣ ለምን በድምፅ አትልክላትም?» እያለች ትስቅብኛለች። እኔ ስልክ ስይዝ ቃል ይጠፋብኛል። ብዕር ይሻለኛል።

የጻፍኩልሽ ለምክር ነው። እንደምታውቂው ወሎ ሰፈር አጠገብ ባለው ሆቴል የመዋኛ ገንዳው ኃላፊ ከሆንኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ገንዳው ደጅ ላይ ነው። ቀን በማሞቂያ እናሞቀዋለን፣ ማታ ሃያ ስምንት ዲግሪ ይደርሳል፣ ጠዋት ስመጣ ሃያ ሦስት ሆኖ ይጠብቀኛል። የጥቅምት ብርድ ይበላዋል። የሆቴሉ ባለቤት አቶ ኣምደሚካኤል ደግሞ «ለሰማይ ነው እንዴ የማሞቀው? ይደፈንና የሠርግ ድንኳን ይተከልበት» ማለት ጀምረዋል።

እኔን የሚያሳዝኑኝ የጠዋቶቹ ሴቶች ናቸው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ስድስት ሆነው ይመጣሉ፤ ጉልበታቸውን፣ ወገባቸውን የሚያማቸው። ከነሱ አንዷ ወይዘሮ ትብለጽ ይባላሉ። ድሮ እዚሁ ወሎ ሰፈር የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። ስትሮክ መትቷቸው ግራ እግራቸው አልታዘዝ ብሏል። መሬት ላይ ያለ ከዘራ አንድ እርምጃ አይራመዱም፤ ውኃ ውስጥ ግን ይሄዳሉ። ሐኪሙ ሞቅ ያለ ውኃ ብሏቸዋል፤ በቀዝቃዛው ጡንቻቸው ይጨማደዳል። ባለፈው ዓርብ ከንፈራቸው ጠቁሮ ወጡና «አቶ ካሳዬ፣ እንግዲህ አልመጣም መሰለኝ» አሉኝ።

አንቺ እዚያ በትልቅ የመዋኛ አዳራሽ ባለሙያ ነሽ። ፈረንጆቹ ሙቀቱን ሌሊት የሚያቆዩት በምንድን ነው?

ሰላምሽን የሚመኝ፣
ጋሼ ካሳዬ

*

ጎተንበርግ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ጋሼ ካሳዬ፣

ጤናዎ ይብዛልኝ፣ ቤትዎ ሰላም ይሁን። የእጅ ጽሑፍዎን ሳይ አያቴን ያየሁ መሰለኝ። ሊድያን ለባንኩ ሥራ እንኳን ደስ ያለሽ ይበሉልኝ።

የጠየቁኝ ቀላል ነገር ነው። ውኃው ሙቀቱን የሚያጣው በአብዛኛው ከላይ ነው። ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ክዳን የሌለው ድስት ማለት ነው። ስለዚህ መክደን ነው። ለገንዳ ተብሎ የሚሠራ አረፋ አረፋ ያለው ወፍራም ሰማያዊ ላስቲክ አለ፤ የዕቃ መጠቅለያ ይመስላል። እዚያም ከውጭ የሚያስመጡ ሰዎች አይጠፉም። አረፋው ወደ ውኃው ይዞር። በገንዳው ልክ ተቆርጦ ጥግ እስከ ጥግ ይተኛ፤ ክፍት የቀረ ቦታ ሁሉ ሙቀት ይሰርቃል። የሚጠቀለልበት ረጅም ቱቦ በሁለት እግር ላይ አስተክሉ፤ ከባድ ስለሆነ ለሁለት ሰው ነው። ክሎሪን በጨመራችሁበት ሰዓት ግን ትንሽ ክፍት ይቆይ።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሴ ልጨምርልዎት። ሴቶቹ የሚንቀሳቀሱት ጥልቅ ባልሆነው በኩል ብቻ ከሆነ ጥልቁን ክፍል ለምን ትከፍቱታላችሁ? ግማሹን ብቻ ጠቅልላችሁ ግማሹ እንደተሸፈነ ይቆይ። እነሱ እየሠሩም ሙቀቱ አይሄድም።

እኔ ደህና ነኝ። ሥራው ጥሩ ነው፤ ኃላፊነቱ ይበዛል እንጂ። ሌላም ጥያቄ ካለ ሳያፍሩ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ቤዛዊት

*

ቦሌ አራብሳ፣ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባለሙያዋ ልጄ፣

እጅሽ ይባረክ! የዘራሽው ሁሉ ይብቀልልሽ! አቶ ኣምደሚካኤል ሽፋኑን በነጋዴ ከዱባይ አስመጡት። በመጀመሪያው ጠዋት ቴርሞሜትሩን ሳወጣው ሃያ ሰባት ይላል። አላመንኩትም፤ አራግፌ መልሼ ከተትኩት። ሃያ ሰባት።

ግማሹን ሸፍኖ መተው ያልሽውም ድንቅ ነው። የልብስ ማጠቢያዋ ሶሬቲ በየጠዋቱ ፎጣ ልታደርስ ስትመጣ አንዱን ጫፍ ትይዝልኛለች፣ ሌላውን እኔ እይዛለሁ፣ እስከ መካከል ጠቅልለን እንተወዋለን። ሶሬቲ የባቱ ልጅ ናት፤ ቀልጣፋ፣ ሥራ የማትመርጥ።

ወይዘሮ ትብለጽ ተመልሰው መጡ። ባለፈው ሰኞ የገንዳውን ወርድ ማንም ሳይደግፋቸው አቋርጠው፣ ዞረው፣ መልሰው አቋረጡና «አየኸኝ? አየኸኝ?» ብለው በደስታ አንተ አሉኝ። ሌላ ጊዜ አንቱ ነበር የሚሉኝ።

አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ባለቤቱ አስነስተው አስጨበጨቡልኝ። «ይህን ያህል ዓመት ስንቃጠል ከየት አመጣኸው?» ሲሉኝ «አጥንቼው ነው» አልኩ። ስምሽን ሳላነሳ ቀረሁ። ቅር አይበልሽ፤ ያኔ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።

ሊድያ ሆቴሉ ድረስ መጥታ ያነሳችውን ፎቶ ከዚህ ጋር ታገኚያለሽ። ሴቶቹ ውኃ ውስጥ ናቸው፣ ከኋላቸው ሰማያዊው የተዘረጋው ያንቺ ሽፋን ነው።

ደስ ያለው፣
ካሳዬ

*

ጎተንበርግ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ካሳዬ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ስለቆየሁ ይቅርታ። እዚህ የፈረንጆች ገና ስለሆነ አዳራሹ ሰው በሰው ነው፣ ፋታ አጣሁ።

ፎቶው ደርሶኛል። ገንዳው ያምራል። ሴቶቹም ደስ ይላሉ። ደግሞ ሳልረሳው፣ ሰው ውኃ ውስጥ ካለ ሽፋኑ በሙሉ ቢነሳ ይሻላል የሚሉ አሉ። እንደየቦታው ይለያያል መሰለኝ። ለማንኛውም እናንተም ብታነሱት አይከፋም። በቶሎ ቢሆን።

በረዶው ዘንድሮ ቶሎ ጀመረ። ለስሜ መነሳት አይጨነቁ፤ ባይነሳ እመርጣለሁ። ለሊድያ ሰላምታዬን።

ቤዛዊት

*

ቦሌ አራብሳ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቤዛዊት፣

እንደምን አለሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ገናን በሰላም አሳለፍን።

ምክርሽ ደርሶኛል። ሽፋኑ ለጊዜው አይዘረጋም፣ ገንዳው ለጥገና ተዘግቷል። የቧንቧ ነገር ነው።

አሁን የማስቸግርሽ ለሌላ ጉዳይ ነው። አንዲት ሥራ ያጣች ልጅ አለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ ጨዋ ናት። እዚያ በምታውቂው መንገድ፣ ሽማግሌ በመጠበቅም ቢሆን፣ በቤት ሥራም ቢሆን፣ የምትገባበት ቀዳዳ ካለ ፈልጊላት። ውኃ ውስጥ በጣም ጎበዝ ናት። እናንተ አዳራሽ ብትቀጠር አታሳፍርሽም። ስሟ ሶሬቲ ነው።

ለእኔ ስትይ ሞክሪ። ለምን ብለሽ ግን አትጠይቂኝ።

ካሳዬ

*

ጎተንበርግ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሶሬቲ ያች ሽፋኑን የምትይዝልዎት ልጅ አይደለችም? ለምን ከሥራ ወጣች? ፎጣ የምታጥብ ልጅ የውኃ ጎበዝ መሆኗን እንዴት አወቁ?

ወይዘሮ ትብለጽ እንዴት ናቸው? ስለሳቸው አልጻፉልኝም።

ሽፋኑን በሙሉ ታነሱት ነበር አይደል? ማለቴ ከመዘጋቱ በፊት። እባክዎ ይህችን ብቻ ይመልሱልኝ። ለሊድያ ደወልኩላት፣ «አባዬ ሰሞኑን አይናገርም» አለችኝ።

ቤዛዊት

*

ቦሌ አራብሳ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.
(በፖስታ)

ልጄ ቤዛዊት፣

አምስት ሳምንት ዝም አልኩሽ። ይህን በፖስታ የምልከው ሊድያ እንዳታነበው ነው። ሰላምታውን ተይልኝ፤ ሰላም የለኝም።

ረቡዕ ታኅሣሥ 16 ነው። እኔና ሶሬቲ ሽፋኑን እንደ ወትሮው እስከ መካከል ጠቀለልን። ሴቶቹ ገቡ። ወይዘሮ ትብለጽ እንዳይሰጥሙ የሚይዙትን የስፖንጅ ዱላ በብብታቸው ይዘው በጀርባቸው ይንሳፈፉ ነበር፤ ሰማዩን እያዩ። ሌሎቹ እያወሩ ይስቃሉ። እኔ ዳር ላይ ቆሜ ክሎሪኑን እለካለሁ። ቀና ስል ስፖንጁ ብቻውን ይንሳፈፋል። ሴትዮዋ የሉም። ከዚያ ሽፋኑ በመካከሉ ሲነሳና ሲወርድ አየሁት፣ ከሥር አንድ ነገር እየገፋው። ላስቲኩ ውኃው ላይ ሙጭጭ ብሎ ነው የሚተኛው፤ ቢገፉት ይነሳል፣ አየር ግን የለውም። እዚያ ጋ ጥልቀቱ ከሁለት ሜትር በላይ ነው።

ቤዛዊት፣ እኔ መዋኘት አልችልም።

ይህን ሚስቴም ልጄም አያውቁትም። እኔ ባደግኩበት አገር ወንዙ ከክረምት በቀር ጉልበት አያልፍም። ስቀጠር «ትዋኛለህ?» አሉኝ፣ «አዎ» አልኩ፣ ሥራ ያስፈልገኝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ከዳር ሆኜ በረጅም መረብ ቅጠል ስለቅም፣ መድኃኒት ስጨምር ኖርኩ። ማንም ግባ ብሎኝ አያውቅም።

እና ቆምኩ። ሽፋኑን እንኳ ልጎትተው አልቻልኩም። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ሶሬቲ ናት የፎጣውን ጋሪ ገፍትራ፣ ሽርጧን እንደታጠቀች ዘላ የገባችው። ሐይቅ ዳር ያደገች ልጅ ናት። ሽፋኑ ሥር ገብታ ሴትዮዋን በልብሳቸው ይዛ ወጣች። ጠቁረው ነበር። ገለበጠቻቸው፣ ውኃው ወጣ፣ ተነፈሱ። ሆስፒታል ስድስት ቀን ተኝተው በሕይወት ወጡ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ፈሪ ነበር እባላለሁ፤ እሸከመዋለሁ። አላበቃም።

አቶ ኣምደሚካኤል እየሮጡ መጡ። «ሽፋኑን እንዲህ የተወው ማነው?» አሉ። ሶሬቲ ከአናቷ እስከ እግሯ ውኃ እያንጠባጠበች ትንቀጠቀጣለች። «ዛሬ ጠዋት የጠቀለለችው ሶሬቲ ናት» አልኩ።

ውሸት አልተናገርኩም። አንዱን ጫፍ እሷ ይዛ ነበር። የኔን ጫፍ ግን አልተናገርኩም። ዞራ አየችኝ። የምቀጥል መስሏት ጠበቀችኝ። እኔ ፎጣዎቹን ከመሬት መልቀም ጀመርኩ።

በማግስቱ አባረሯት። ሰው ልትገድል ነበር ተብሎ።

ሊድያ ከስልኳ በወረቀት ያወጣችልኝን ያንቺን የጥቅምት ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። «ግማሹ እንደተሸፈነ ይቆይ» ያልሽውን ስንት ጊዜ አነበብኩት። አንቺን ለመውቀስ ፈልጌ ነበር፤ ይህንንም ልንገርሽ። ግን አንቺ ከሩቅ ሆነሽ ነው፣ ዳር ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። አንቺ ምንም ጥፋት የለብሽም።

ካሳዬ

*

ጎተንበርግ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
(በሰው እጅ የተላከ)

ጋሼ ካሳዬ፣

ደብዳቤዎን የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የመጨረሻው መስመርዎ ላይ ስደርስ ጮህኩ። ጥፋት አለብኝ። ያውም እርስዎ የማያውቁት።

መጀመሪያ፣ እኔ ባለሙያ አይደለሁም። እዚህ አዳራሽ የልብስ መቀየሪያውንና ሽንት ቤቶቹን የማጸዳ ሠራተኛ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለቤተሰቡ ሁሉ «የመዋኛ ባለሙያ» ስል ኖርኩ፤ እናቴም ለጎረቤት እንዲያ ነው የምትለው። የእርስዎ ደብዳቤ ሲመጣ ደስ አለኝ። አንድ ሰው ምክር ጠየቀኝ። በማሽኑ ክፍል ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጨረፍታ አንብቤ ጻፍኩልዎት። ግማሹን ሸፍኖ መተው የሚለው እዚያ አልነበረም። ከራሴ ነው ያመጣሁት፣ አዋቂ ለመምሰል።

የባሰው ይህ ነው። ፎቶዎን በኩራት ለአለቃዬ አሳየሁት። ታኅሣሥ 9 ነበር። ፊቱ ተለዋወጠ። «ይህ የት ነው? ሰዎች አሉበት እኮ! ሽፋን ሥር የገባ ሰው መውጫ አያገኝም። ዛሬውኑ ደውዪላቸው» አለኝ። ወደ ግድግዳው ወስዶ አሳየኝ፤ በግማሽ የተሸፈነ ገንዳ ተስሎ በላዩ ላይ ቀይ መስቀለኛ ምልክት ተደርጎበታል። በየቀኑ ወለሉን ስወለውል ፊት ለፊቴ ነበር።

ስልኩን ይዤ ሽንት ቤት ገባሁ። ሊድያ ጋ ደውዬ «ተሳስቻለሁ፣ ቶሎ ንገሪው» ማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አልደወልኩም። ስህተት ነበር ካልኩ የማላውቅ መሆኔ ይታወቃል አልኩ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። ከዚያ ያችን «የሚሉ አሉ» የምትል መስመር በበረዶ ወሬ መሐል ወሽቄ ላክሁልዎት። በሰባተኛው ቀን ወይዘሮ ትብለጽ ሽፋኑ ሥር ገብተው ነበር። ደብዳቤዬ የደረሰው ከአራት ቀን በኋላ ነው።

ጥር ላይ ያለጥፋቷ የተባረረች ልጅ እንዳለች ሲገባኝ እንኳ የጠየቅኩት ስለ ራሴ ነበር። «በሙሉ ታነሱት ነበር አይደል?» አልኩዎት፤ አዎ እንዲሉኝ።

ጋሼ፣ ይህንን ደብዳቤና የጥቅምቱን ለአቶ ኣምደሚካኤል ይስጡ። የእኔ ጥፋት ነው ይበሉ። እኔ ከዚህ ምን ይነካኛል? እርስዎም ሥራዎ ይተርፋል፣ ሶሬቲም ትመለሳለች። ለእናቴም ዛሬ ማታ እውነቱን እነግራታለሁ።

ይቅር በሉኝ ለማለት ገና አልደፈርኩም።

ቤዛዊት

*

ቦሌ አራብሳ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ቤዛዊት፣

እግዚአብሔር ልብሽን ያሳርፈው። ሰሙነ ሕማማት ሳይገባ ልጽፍልሽ ቸኮልኩ። ይህን ወረቀት ፎቶ አንስታ የምትልክልሽ ሊድያ ናት። ሁሉንም አንብባዋለች። ስታነብ ከፊቷ ተቀምጬ ነበር። ስትጨርስ «አባዬ፣ እራት ብላ» አለችኝ።

ደብዳቤዎችሽን ለማንም አላሳየሁም። ቸር ሆኜ አይደለም። አንድ ጊዜ የኔን ጫፍ ለሰው ልጅ አስይዤ አይቼዋለሁ፣ ሁለተኛ አልችልም። ያንቺ ያንቺ ነው፤ የኔን ግን እኔው ወሰድኩት።

አቶ ኣምደሚካኤል ቢሮ ገብቼ ቆሜ ነገርኳቸው። ግማሹን እንድንተወው ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ሶሬቲ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው፣ ያወጣቻቸውም እሷ ናት፣ እኔ መዋኘት አልችልም አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «አሥራ አንድ ዓመት!» አሉ። ቀጥሎ የመሣሪያ ክፍሉን ቁልፍ ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። ሶሬቲ ወደ ሥራዋ ትመለስ፣ ገንዳውም ከፋሲካ በኋላ ይከፈታል አሉ፤ ዋናተኛ ይቀጠራል፣ ሰው ሳይገባ በፊት ሽፋኑ በሙሉ ይነሳል።

ከዚያ ወይዘሮ ትብለጽ ቤት ሄድኩ። ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ብርድ ልብስ ሸፍነዋል። ነገርኳቸው። አልደነገጡም።

«ከሥር ሆኜ ጥላ ይታየኝ ነበር» አሉኝ። «ሰማያዊ ነው ሁሉ ነገር፣ እሱ ብቻ ጥቁር። የቆመ ሰው። አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እላለሁ። እርስዎ ነበሩ?»

«አዎ» አልኩ።

«ይቅር እንድልዎት ነው የመጡት?»

«አላውቅም» አልኩ። እውነቴን ነበር።

«እኔም ገና አላውቅም» አሉ። «ያችን ልጅ ግን አምጡልኝ። ላመሰግናት ፈልጌ አድራሻዋን የሚነግረኝ ጠፋ።»

ሶሬቲ እዚሁ አራብሳ ናት፣ ከኛ ብሎክ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ባለ ልብስ ማጠቢያ ቤት። ሦስት ወር ሙሉ ያንን መንገድ የተውኩት ሳላውቅ አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ከሩቅ አይቻት ነበር። ስገባ አንሶላ ታጥፋለች። አላቆመችም። የተናገርኩትን ሁሉ ነገርኳት፣ ሥራዋን እንደሚመልሱላትም።

«ሥራውን አልፈልገውም» አለች። አንሶላውን አስቀምጣ ሌላ አነሳች። «እናቴ ገበያ መውጣት ትታለች። የሆቴሉ ሰዎች ውስጥ የኛ አገር ልጅ አለ፣ ወሬውን ባቱ ድረስ አድርሶታል። ልጅሽ ሰው አሰጠመች አሏት። እኔ ብነግራት ልጇ ስለሆንኩ እሺ ትለኛለች እንጂ አታምነኝም። እርስዎ ይንገሯት።»

ስልኳን ደውላ ሰጠችኝ። ስልክ ስይዝ ቃል እንደሚጠፋብኝ አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን መጥፋት አልተፈቀደልኝም። የእናቷ ድምፅ ወፍራም ነው።

«ማነው?»

«ካሳዬ እባላለሁ። ሶሬቲ ትሠራበት የነበረው ሆቴል ሠራተኛ ነበርኩ።»

«ልጄ ደግሞ ምን አደረገች?»

«ምንም አላደረገችም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሽፋኑን የተውኩት እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ሲሰጥሙ ቆሜ ያየሁት እኔ ነኝ። ዘላ ገብታ ያወጣቻቸው ልጅዎ ናት። ከዚያ በሷ ያሳበብኩትም እኔ ነኝ።»

ሶሬቲ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች።

«ሴትዮዋ አሉ?» አሉኝ እናቷ።

«በሕይወት አሉ።»

«ቆይ» አሉኝ። «አትዝጋው። ጎረቤቶቼን ልጥራ። እነሱ ባሉበት እንደገና ትለዋለህ።»

ጠበቅኩ። በር ሲከፈት ሰማሁ፣ ስም ሲጠራ፣ ወንበር ሲጎተት፣ የሴቶች ድምፅ፣ አንድ ሽማግሌ ሲያስል።

«በል» አሉኝ።

ከስሜ ጀምሬ አልኩት።

ካሳዬ